የአካል ጉዳተኞች የታንኳ ቀዘፋ ስፖርት እና ለጀማሪዎች የሚያስፈልገው ዝግጅት

ፓራካኑ በመባል የሚታወቀው የአካል ጉዳተኞች የታንኳ ቀዘፋ ውድድር በፓራሊምፒክ ጨዋታዎች ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ2016 በብራዚል ሪዮ ዴ ጄኔሮ ከተማ ነው። በዚያን ጊዜ ለስድስት የወርቅ ሜዳሊያዎች ብቻ የተካሄደው ውድድር፣ በቶኪዮው ጨዋታ ወደ ዘጠኝ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ደግሞ ወደ አስር ከፍ ብሏል። ርቀቱ በሁሉም 200 ሜትር ነው።

ስፖርቱን ተፈላጊ ያደረገው ምክንያት ግልጽ ነው። በየብስ ላይ ደረጃና ጉድጓድ የሚያግዱት ሰው፣ ተሽከርካሪ ወንበሩን ዳር ላይ ትቶ ውሃው ላይ ከወጣ በኋላ የሚጓዘው እንደማንኛውም ቀዛፊ በክንዱና በትከሻው ኃይል ነው።

በውድድር የሚያገለግሉት ታንኳዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ካያክ ሲሆን፣ ተወዳዳሪው እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦ በሁለቱም ጫፍ ምላስ ባለው መቅዘፊያ ይቀዝፋል። ርዝመቱ ከ520 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፣ ክብደቱም ከ12 ኪሎ ግራም አያንስም። ከመደበኛው የውድድር ካያክ ሰፋ ተደርጎ የሚሠራው ለመገልበጥ ያለው ተጋላጭነት እንዲቀንስ ነው። ሁለተኛው ከፓስፊክ ደሴቶች የመጣው ቫአ ሲሆን፣ በጎኑ ሚዛን የሚጠብቅ ተንሳፋፊ አለው። በአንድ ምላስ መቅዘፊያ የሚነዳና መሪ የሌለው በመሆኑ፣ አቅጣጫ መጠበቅ ሙሉ በሙሉ የቀዛፊው ሥራ ነው።

ተወዳዳሪዎች የሚመደቡት በጉዳታቸው ስም ሳይሆን ለመቅዘፍ በሚያገለግለው የሰውነት ክፍል ብቃት ነው። በካያክ አንደኛው ምድብ እግርና ወገብን ማዘዝ ለማይችሉ ወይም በጣም ውስን ችሎታ ላላቸው፣ ሁለተኛው የወገባቸውና የእግራቸው ብቃት ከፊል ለሆነ፣ ሦስተኛው ወገባቸውን ማዘዝ ለሚችሉና እግራቸው በከፊል ለሚሠራ ነው። በፓራሊምፒኩ የዓይነ ስውራን ምድብ የለም። ይሁን እንጂ ማየት የተሳነው ሰው ከሚያይ ጓደኛው ጋር በባለ ሁለት መቀመጫ ታንኳ ለመዝናኛ መቅዘፍ ይችላል።

በስፖርቱ ስማቸው ከሚነሳው አንዱ አውስትራሊያዊው ከርቲስ ማክግራት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በአፍጋኒስታን በወታደርነት ሲያገለግል በፈንጂ ሁለት እግሮቹን ያጣ ሲሆን፣ ከአራት ዓመት በኋላ በሪዮ የወርቅ ሜዳሊያ አግኝቷል። እንግሊዛዊቷ ጃኔት ቺፒንግተን ደግሞ ለረጅም ዓመታት በዋና ተወዳድራ ወደ ታንኳ በመዞር በሪዮ ለወርቅ በቅታለች። የእርሷ ጉዞ ለጀማሪ የሚያስተምረው ነገር አለ፤ ከውሃ ጋር መለማመድ ከመቅዘፍ ይቀድማል።

በዚህም መሠረት የመጀመሪያዎቹ ልምምዶች በሐይቅ ላይ ሳይሆን በመዋኛ ገንዳ ውስጥ ቢሆኑ ይመረጣል። ጀማሪው ታንኳው ሆን ተብሎ ሲገለበጥ ራሱን አላቅቆ መውጣትን በአሠልጣኝ እጅ ሥር ደጋግሞ መለማመድ ይኖርበታል። ሚዛኑ እንዲጠበቅ ተብሎ አካልን ከመቀመጫው ጋር አጥብቆ ማሰር ከባድ ስህተት ነው። ማሰሪያ ካስፈለገ በአንድ ስበት የሚፈታ መሆን አለበት። የሕይወት አድን ጃኬት የግድ ነው። ሰው ሠራሽ እግር የሚጠቀም ሰው ከመሳፈሩ በፊት እግሩ ውሃ ሲገባበት ምን እንደሚሆን ማወቅ አለበት፤ ብዙዎች አውልቀው ይሳፈራሉ።

የኅብለ ሰረሰር ጉዳት ላለበት ሰው ሌላ ስጋት አለ። ስሜት በሌለው ቆዳ ላይ ጠንካራ መቀመጫ ሳይታወቅ ቁስል ያስከትላል። ስለሆነም ወፍራም ትራስ መጠቀም፣ መጀመሪያ ላይ የልምምዱን ጊዜ ማሳጠርና ከውሃ እንደወጡ ቆዳን መመርመር ያስፈልጋል። ጉዳቱ በላይኛው የጀርባ ክፍል ከሆነ ሰውነት ሙቀቱን መቆጣጠር ስለሚያዳግተው፣ ፀሐይም ብርድም ከሌላው ሰው ይልቅ ይጎዳዋል። ሐኪም ሳያማክሩ መጀመር አይገባም።

ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽንን እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀች ሲሆን፣ የኮንቬንሽኑ አንቀጽ 30 አካል ጉዳተኞች በስፖርትና በመዝናኛ ከሌሎች ጋር በእኩልነት እንዲሳተፉ አባል አገሮች እርምጃ እንዲወስዱ ያስገድዳል። ሐይቅ ባላቸው ከተሞች የሚሠሩ የሥራ ኃላፊዎች ይህን ወደ ተግባር ለመለወጥ ሲያስቡ ቀድሞ የሚታሰበው የታንኳ ግዥ ነው። ሥራውን የሚወስነው ግን በአብዛኛው ከመኪና ማቆሚያው እስከ ውሃው ያለው ጥቂት ሜትር መንገድ ነው። ተሽከርካሪ ወንበር የሚያልፍበት ደልዳላ መውረጃ፣ ከውሃው ወለል ብዙም ከፍ የማይል መሳፈሪያና በሁለት ሰው የሚያዝ ታንኳ ከሌሉ ሰውን ተሸክሞ ማሳፈር ግድ ይሆናል። ይህም ለተሸካሚውም ለተሳፋሪውም አደገኛ ነው።

ቦታ ሲመረጥ የሐይቁ ጠባይ መጠናት አለበት። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዝያና ጉማሬ፣ በጫሞ አዞ መኖሩ ይታወቃል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ የሚበረታበት ሐይቅ ላይ ልምምዱ በማለዳ ቢደረግ ይመረጣል። ከደንገል የሚሠራው የጣና ታንኳ ምንም እንኳን የአገር ቅርስ ቢሆንም የጀርባ መደገፊያ የለውም፤ ወገቡን ማዘዝ ለማይችል ጀማሪም አይመከርም። በየልምምዱ ሌላ ታንኳ ይዞ በቅርብ የሚከተል፣ መዋኘት የሚችልና የመጀመሪያ እርዳታ የሠለጠነ ሰው መመደብ አለበት።