ከተቆረጠ በኋላስ?

«አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» ይላል የአገራችን ሰው። ምክሩ ሸጋ ነው። ግን የሚጠቅመው ገና ላልቆረጠ ነው። ጨርቁ ተቆርጦ፣ ቀሚሱ ቤት ውስጥ ተሰፍቶ፣ ሲለበስ ብብት ላይ ቢይዝ፣ ወገብ ላይ አልደርስ ቢልስ? ይኸን ጥያቄ የአገር ጉዳይ ያደረገ መንግሥት ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት ነው፤ ያውም በጦርነት መካከል።

እ.ኤ.አ. ከጁን 1 ቀን 1941 ጀምሮ በእንግሊዝ ልብስ በኩፖን ሆነ። ጨርቁም፣ ፋብሪካውም፣ ሠራተኛውም ለጦሩ ተፈልጓል። ለመጀመሪያው ዓመት ለአንድ ሰው 66 ኩፖን ታደለ። የወንድ ሙሉ ልብስ ብቻውን 26፣ የሱፍ ቀሚስ ደግሞ 11 ይወስዳል። «እኔ ራሴ እሰፋለሁ» ያለችውም ሴት አላመለጠችም፤ ጣቃውም የሹራብ ክሩም ኩፖን ይጠይቃል። ስለዚህ ልክ ያልመጣ የቤት ስፌት ለመሳቂያ ብቻ አልነበረም፤ ከዓመቱ ራሽን ቀላል የማይባል ድርሻ ሊበላ ይችላል። አይጣል ነገር ጨርቁ ሌላ አይገኝ፣ አይለበስ ነገር ጠበበ!

በ1943 መንግሥት «ባለህ ተብቃቃ፣ ቀዳዳህን ጠግን» የሚል መልእክት ያላት ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። መግቢያዋን የጻፉት የንግድ ቦርዱ ሹም ሂዩ ዳልተን ናቸው። የስፌት ትምህርትም በየቦታው ተከፈተ። የዘመኑ ዘዴ ቀላል ነው። የጠበበውን ቀሚስ ጎኑን ፈትቶ ሌላ ቀለም ጨርቅ ጣልቃ ማስገባት፤ ሆን ተብሎ የተደረገ ጌጥ ይመስላል። እጅጌው አልሆን ካለ ቆርጦ ማውጣትና ከውስጥ ሸሚዝ መልበስ። ሹራቡ ካስጠላ ተርትሮ፣ ክሩን አጥቦ እንደገና መሥራት። ምንም ካልተቻለ ለልጅ ማሳጠር።

ታዲያ ሁሉም እኩል ተቸገረ ማለት አይደለም። ኩፖኑ ለሀብታምም ለድሃም አንድ ነው፤ ቁም ሳጥኑ ግን አንድ አይደለም። ባለጸጋዋ ከጦርነቱ በፊት የገዛቻቸውን ደህና ደህና ልብሶች እየፈታች ታሰፋለች። አንድ ቀሚስ ብቻ ያላት ሴት ምኑን ከምኑ ትቀጥል? «ጠግኑ» የሚለው ምክር የሚጠገን ነገር ላለው ነው።

ይኼ ለእኛም ባዕድ አይደለም። ኮት ሲነጣ ለልብስ ሰፊ ሰጥቶ ማስገልበጥ፣ የታላቅን ሱሪ ለታናሽ ማሳጠር፣ በየበረንዳው የሲንጀር መኪና ፊት ወረፋ መያዝ የምናውቀው ነው። ኩፖን አላስገደደንም፤ ራሽኑን የሚወስነው ኪሳችን ነው።

የእንግሊዝ የልብስ ኩፖን ጦርነቱ ካበቃ በኋላም አልቀረም፤ የተነሣው ማርች 15 ቀን 1949 ነው። ስምንት ዓመት ገደማ የተጣፈ ሕዝብ አዲስ ልብስ ቢመኝ አይፈረድበትም። እኔን የሚቆጨኝ አብሮ የሚረሳው ሙያ ነው፤ የተሳሳተ ስፌት አይቶ የት እንደሚፈታ የሚያውቀው እጅ። ልባሽ ጨርቅ በየገበያው ተቆልሎ ሲገኝ ያ እጅ ሥራ የሌለው ይመስላል፤ የሚፈለገው ግን ገበያው የተወደደ ዕለት ነው። ያን ዕለት ደግሞ ለመማር ይረፍዳል።