ውርስና ጉርብትና በአንዲት የባሕር እንስሳ ፅንስ

በባሕር ዳር ከቋጥኝና ከመርከብ ሆድ ተጣብቃ የምትኖር፣ ከረጢት የምትመስል፣ ሲነኳት ውኃ የምትረጭ አንዲት እንስሳ አለች። ሊቃውንት አሲዲያን ይሏታል። ካደገች በኋላ ላያት ሰው እንስሳ መሆኗም አይታወቀውም፤ በሕፃንነቷ ግን ጭራዋን እያወዛወዘች ትዋኛለች፤ በጭራዋም ውስጥ 40 ሕዋሳት የተሰለፉበት የጀርባ ዘንግ አለ። ይህን ዘንግ ሩሲያዊው ኮቫሌቭስኪ በ1866 ዓ.ም. (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን) በገለጠ ጊዜ፣ ይህች የተናቀች ፍጥረት የጀርባ አጥንት ላላቸው እንስሳት ሁሉ፣ ለእኛም ጭምር፣ የሩቅ ዘመድ መሆኗ ታወቀ። ከዚያ ወዲህ ሊቃውንት በፅንሷ ላይ አንድ ጥያቄ ሲያነሡ ኖረዋል፤ ከአንድ እንቁላል ከሚወጡት ሕዋሳት አንዱ ጡንቻ፣ አንዱ አንጎል፣ አንዱ ቆዳ እንዲሆን የሚያዘው ማን ነው?

በ1887 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ሎራን ሻብሪ እጅግ የቀጠነ የብርጭቆ መርፌ አበጀ። እንቁላሉን በጠባብ የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ አስገብቶ፣ በአጉሊ መነጽር እየተመለከተ፣ ለሁለት ከተከፈሉት ሕዋሳት አንዱን ወግቶ ገደለው። የተረፈው ሕዋስ የባልንጀራውን ሞት እንዳላወቀ ሥራውን ቀጠለ፤ ሻብሪ ካገኛቸው ፅንሶች መካከልም ግማሽ አካል ብቻ የያዙ ነበሩበት።

በ1905 ዓ.ም. አሜሪካዊው ኤድዊን ኮንክሊን ይህን አጸናው። እርሱ የመረመረው የአሲዲያን ዓይነት እንቁላል በተፈጥሮው ልዩ ልዩ ቀለም ያለው ነበረ። ከእነዚህ ቀለሞች ቢጫው፣ እንቁላሉ ዘር ከተቀበለ በኋላ፣ ወደ ኋላ ተሰብስቦ የማጭድ ቅርጽ ይሠራል፤ ሕዋሳቱም በተከፋፈሉ ቁጥር ሲወራረስ ሄዶ በጭራው ጡንቻ ውስጥ ይገኛል። የአገራችን ሰው «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር» የሚለው በዚህ እንቁላል ላይ ቃል በቃል ይፈጸማል።

እንግዲህ ፍርዱ ተሰጠ። የአሲዲያን ፅንስ በቀለም ጠጠር እንደ ተነጠፈ ሥዕል ነው፤ እያንዳንዱ ሕዋስ ዕድሉን ከእናቱ ወርሷል፤ ከጎረቤቱ የሚጠይቀው ምንም የለም ተባለ። ጀርመናዊው ሐንስ ድሪሽ በ1891 ዓ.ም. የባሕር ጃርትን ሕዋሳት ለያይቶ ከእያንዳንዱ ትንሽ ነገር ግን ሙሉ ፅንስ አግኝቶ ስለ ነበረ፣ ሁለቱ እንስሳት የሁለት ተቃራኒ ሕጎች ምሳሌ ሆነው በትምህርት መጻሕፍት ገቡ።

ነገሩ የተናወጠው በ1946 ዓ.ም. ነው። ጣሊያናውያኑ ሬቬርቤሪና ሚንጋንቲ ፅንሱ ስምንት ሕዋሳት በሆነ ጊዜ የላይኞቹን ከታችኞቹ ለዩ። አንጎልን ሊሠሩ የሚገባቸው የፊት የላይኛ ሕዋሳት ለብቻቸው ሲቀሩ አንጎል አልሠሩም፤ ከበታቻቸው ካሉት ጎረቤቶቻቸው ጋር ሲተዉ ግን ሠሩ። ታዲያ ሻብሪ ይህን ስለ ምን አላየም? እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ይገባናል። እንቁላሉ መጀመሪያ የሚከፈለው ወደ ቀኝና ወደ ግራ ነው። የቀኙ ቢገደልም በግራው ግማሽ ውስጥ የላይኛውም የታችኛውም፣ መልእክት ላኪውም ተቀባዩም አብረው ቀርተዋል። የሻብሪ መርፌ የገደለው አንዱን ወገን እንጂ ጉርብትናውን አልነበረም። ሻብሪም ኮንክሊንም ያዩት ሐሰት አይደለም፤ ፈተናው ካልተጠየቀው ነገር መልስ እንደ ሰጠ መቁጠሩ ግን ለብዙ ዘመን አሳሳተ።

ከዚህ በኋላ ሥራው በብዛት በጃፓናውያን እጅ ገባ (እነርሱ አንዱን የአሲዲያን ዓይነት ለምግብም ያቀርቡታል)። ኒሺዳና ሳቶ ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ በየሕዋሱ ምልክት እየጨመሩ ትውልዱን ቆጠሩ። በዚህ በጃፓኑ ዓይነት ከ42ቱ የጭራ ጡንቻ ሕዋሳት 28ቱ ኮንክሊን ካመለከተው የኋላ ክፍል ሲወጡ፣ 14ቱ ከሌላ ወገን የመጡ ሆነው ተገኙ። በ1994 ዓ.ም. ናካታኒና ኒሺዳ የጀርባ ዘንግ የሚሆኑትን ሕዋሳት ፅንሱ ገና 32 ሕዋሳት እንደ ሆነ ቢለዩአቸው ዘንግ አልሆኑም፤ 64 ሲሆን ቢለዩአቸው ግን ሆኑ። በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ከጎረቤት የተቀበሉት ቃል ነበረ ማለት ነው።

የቃሉም ምንነት ኋላ ታወቀ፤ ኤፍ ጂ ኤፍ የሚባል ፕሮቲን ነው። በ2003 ዓ.ም. የታተመው ምርመራ እንዳስረዳው፣ ይህ ፕሮቲን ከታች ወደ ላይ ሲደርስ በተቀባዩ ሕዋስ ውስጥ ያሉት ኤትስና ጋታ የተባሉት ፕሮቲኖች ኦቲኤክስ የሚባለውን ጂን ያስነሡታል፤ ሕዋሱም የነርቭን መንገድ ይይዛል። ውርሱም ቢሆን አልተሻረም። በ2001 ዓ.ም. ኒሺዳና ሳዋዳ እናቲቱ በእንቁላሉ የኋላ ክፍል የምታኖረውን ማቾ-1 የተባለ ትእዛዝ አገኙ፤ ይህ ትእዛዝ ሲጠፋ እነዚያ 28ቱ የጡንቻ ሕዋሳት ይጠፋሉ፤ በሌላ ስፍራ ሲጨመር ደግሞ ያለ ቦታው ጡንቻ ይበቅላል። ስለዚህ ኮንክሊን በቢጫው ቀለም የተመለከተው እውነተኛ ሀብት ነበረ።

በ2020 ዓ.ም. የታተመ ሌላ ምርመራ፣ አካሉ እንደ ብርጭቆ የጠራ አንድ የአሲዲያን ፅንስ ሕይወት ሳለው ሕዋስ በሕዋስ ተከታትሎ፣ እያንዳንዱ ሕዋስ ከጎረቤቱ ጋር የሚነካካበትን ስፋት ለካ። መልእክቱ ወደ ሩቅ አይሄድም፤ በብዙ የሚነካው ብዙ ይቀበላል፤ በጥቂቱ የሚነካው ጂኑን የሚያስነሣ መጠን ሳያገኝ ይቀራል።