መልእክት ደረሰ የሚባለው መልስ ሲመጣ ነው



በዘመናችን «ኔትዎርክ» የሚለውን ቃል ሳይሰማ የሚውል የመንግሥት ሠራተኛ የለም። ኔትዎርክ ሲኖር ሥራ ይሠራል፤ ኔትዎርክ ሲጠፋ ባለጉዳይ «ነገ ተመለስ» ይባላል። ነገር ግን ይህ ነገር ምን እንደ ሆነ፥ በምን መንገድ እንደሚሄድና ከየት ተነሥቶ እዚህ እንደ ደረሰ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ዛሬ ስለዚሁ ጉዳይ ከታሪክ ጋር አያይዘን ጥቂት ቃል እናቀርብላችኋለን። ምሳሌውንም ከደቡብ ጎንደር፥ ከፎገራ ሜዳና ከከተማው ከወረታ እንወስዳለን።

ማናቸውም መልእክት ሦስት ነገር ይፈልጋል። አንደኛ፥ ላኪና ተቀባይ ሊኖሩት ይገባል። ሁለተኛ፥ የሚያልፍበት መንገድ ያስፈልገዋል፤ መንገዱም የሰው እግር፥ የመዳብ ሽቦ፥ የአየር ሞገድ ወይም የመስታወት ክር ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነው፤ ይኸውም በላኪና በተቀባይ መካከል ያለው ውል ነው። «በደረሰህ ጊዜ ደርሶኛል ትለኛለህ፤ ዝም ካልኸኝ እንዳልደረሰህ ቈጥሬ እንደ ገና እልክልሃለሁ» የሚል ስምምነት ማለት ነው። መንገዱ ምንም ቢያምር ውሉ ከሌለ መልእክቱ ደረሰ ለማለት አይቻልም። የአገራችን ታሪክ ይህን በውድ ዋጋ አስተምሮናል።

በቀድሞ ዘመን የመንግሥት ቃል ለሕዝብ የሚደርሰው ነጋሪት እየተጐሰመ በገበያ በሚነገር ዐዋጅ ነበር። ዐዋጅ ነጋሪው «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይል ነበር። ይህ ቃል ሲመረመር ጥበብ አለበት፤ ሰሚውን ሁሉ አስተላላፊ ያደርገዋልና። የአንድ ሰው ድምፅ ከገበያው ዳር አያልፍም፤ ገበያተኛው ወደየመንደሩ ሲመለስ ግን ዐዋጁ አብሮት ይሄዳል። ጉድለቱም በዚያው ላይ ነበር፤ ዐዋጅ ነጋሪው ማን እንደ ሰማና ማን እንዳልሰማ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ለአንድ ሰው ብቻ የሚነገር ጉዳይ ሲሆን ደግሞ ደብዳቤ የያዘ መልእክተኛ ይላካል፤ እርሱም ወንዝ ሲሞላ ይቆማል፥ ሲታመም ይዘገያል።

ከዚህ በኋላ የምናስታውሰው የዐፄ ቴዎድሮስን ደብዳቤ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በጥቅምት ወር 1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ የወዳጅነት ደብዳቤ ጽፈው ለእንግሊዙ ቆንሲል ለካሜሮን ሰጡ። ደብዳቤው በዚያው ዓመት በየካቲት ወር ለንደን ደረሰ። መንገዱ ሥራውን ፈጽሟል ማለት ነው። የተቀበለው የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ግን መልስ ሳይሰጥበት አስቀመጠው። በኢትዮጵያ በኩል ዝምታው እንደ ንቀት ተቈጠረ። በ1856 ዓ.ም. ካሜሮን ታሰረ። የንግሥቲቱን መልስ የያዘው ሆርሙዝድ ራሳም ከንጉሠ ነገሥቱ ፊት የቀረበው በጥር ወር 1858 ዓ.ም. ነበር፤ ደብዳቤው ከተጻፈ ሦስት ዓመት ካለፈ በኋላ ማለት ነው። ራሳምና ከእስር የተፈቱት ሰዎች ከፎገራ በስተደቡብ፥ በጣና ዳር ባለችው በቆራጣ ተቀምጠው መመለሻቸውን ሲጠባበቁ ነገሩ እንደ ገና ተበላሸ፤ ተያዙና በመጨረሻ ወደ መቅደላ ተወሰዱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በዚያው በ1858 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ከአየርላንድ እስከ ኒውፋውንድላንድ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ሥር የተዘረጋው የቴሌግራፍ ገመድ ሥራ ጀመረ፤ ኤውሮፓና አሜሪካ በአንድ ቀን መጠያየቅና መመላለስ ቻሉ። በ1860 ዓ.ም. የጄኔራል ናፒየር ጦር በመጣ ጊዜም መሐንዲሶቹ ከቀይ ባሕር ጠረፍ፥ ከዙላ ተነሥተው ወደ ደጋው የቴሌግራፍ ሽቦ ዘረጉ። ለደብዳቤ መልስ ያልፈጠነው መንግሥት ለጦርነት ሽቦ ለመዘርጋት ፈጠነ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የጦርነቱ ምክንያት ይህ ብቻ ነበር አንልም፤ ነገር ግን «ደርሶናል» የሚል አንድ መስመር በጊዜው ተጽፎ ቢሆን ኖሮ የነገሩ አካሄድ ሌላ ሊሆን በቻለ ነበር።

በዐፄ ምኒልክ ዘመን ሽቦው ለአገሪቱ ለራሷ ሥራ መዘርጋት ጀመረ። የመጀመሪያውን የስልክ መሣሪያ ራስ መኰንን ከኢጣልያ ሲመለሱ እንዳመጡት ይነገራል። ፖስታ በ1886 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር 477 ኪሎ ሜትር የሆነ የስልክ መስመርም ተሠራ። በ1945 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥት መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ሲቋቋም ሥራው ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት አገኘ። የዚያን ጊዜው ስልክ አሠራር ለሁለት ተነጋጋሪዎች አንድ መስመር መስጠት ነበር። ሁለቱ ዝም ብለው ቢቆዩም እንኳ መስመሩ ተይዟል፤ ሌላው ሁሉ ተራውን ይጠብቃል።

አሁን ስለ መንገዶቹ እንናገር። የመዳብ ሽቦ መልእክቱን በኤሌክትሪክ ያመላልሳል። ርካሽና ለሥራ የሚመች ነው፤ ዳሩ ግን በራቀ መጠን ኀይሉ ይደክማል። በየቢሮአችሁ ግድግዳ የሚያልፈው የኮምፒዩተር ገመድ በደንቡ ከ100 ሜትር እንዳይበልጥ የሚደረገው ስለዚህ ነው። ሁለተኛው መንገድ ማይክሮዌቭ የሚባለው የአየር ሞገድ ነው። ይህ ሞገድ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ሁለቱ ማማዎች መተያየት አለባቸው። እንደ አገራችን ባለ ተራራማ ምድር ተራራው መሰናክልም ምሰሶም ይሆናል፤ ከሥሩ ላለው ይጋርደዋል፥ በራሱ ላይ ማማ ሲተከልበት ግን እጅግ ሩቅ ያሳያል። ሦስተኛው ሳተላይት ነው። በሱሉልታ በ1971 ዓ.ም. የተቋቋመው የምድር ጣቢያ አገሪቱን በዚህ መንገድ ከዓለም ጋር አገናኘ። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ስለሚገኝ ቃሉ ወጥቶ እስኪወርድ የሰከንድ ሩብ ያህል ይፈጃል፤ ጥያቄና መልስ ሲሆን ግማሽ ሰከንድ ይሆናል።

አራተኛው ከጠጉር የማይወፍር የመስታወት ክር፥ ማለት ፋይበር ነው። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1966 ቻርልስ ካኦና ጆርጅ ሆክሃም መስታወቱ በሚገባ ቢጠራ ብርሃን በውስጡ ሩቅ ሊሄድ እንደሚችል አስረዱ፤ ካኦም በ2009 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ብርሃን በመስታወት ውስጥ በአንድ ሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከወረታ እስከ አዲስ አበባ ያለውን ከ600 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ለመፈጸም የሰከንድ ሦስት ሺሕኛ ያህል ይበቃዋል። ጠላቱ ቁፋሮ ነው፤ አንድ የመንገድ ሥራ መኪና በአንድ ጊዜ ብዙ ከተማ ዝም ሊያሰኝ ይችላል።

እንግዲህ መንገዱ ይህን ያህል ከበዛ፥ መልእክቱ የቱን ይዞ እንደሚሄድ የሚወስነው ማን ነው? ወረታን አስቡ። ወረታ የመስቀለኛ መንገድ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ በውስጧ ያልፋል፤ ከእርሷም ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልዲያ የሚወስደው ይነሣል። በስተደቡቧ ጉማራ፥ በስተሰሜኗ ርብ ይወርዳሉ። ጉማራ ሞልቶ የባሕር ዳሩን መንገድ የዘጋ እንደ ሆነ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው በደብረ ታቦር፥ በወልዲያና በደሴ ዞሮ ሊደርስ ይችላል። የኮምፒዩተር ኔትዎርክ መሠረቱ ይኸው ነው።

አሁን ከወረታ ወደ አዲስ አበባ ባለ 20 ገጽ ጽሑፍ መላክ ፈለጋችሁ እንበል። እያንዳንዱን ገጽ ለብቻው በፖስታ ታሽጉታላችሁ። በየፖስታው ላይ የላኪ አድራሻ፥ የተቀባይ አድራሻና «ከ20 ገጽ 7ኛው» የሚል ቁጥር ይጻፋል። ፖስታዎቹ አብረው መሄድ የለባቸውም፤ ግማሹ በደብረ ማርቆስ፥ ግማሹ በደሴ ሊያልፍ ይችላል። በየመስቀለኛው መንገድ ላይ ራውተር የሚባል መሣሪያ ይቆማል፤ በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ብንናገር የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ማለት ነው። መንገዱን ለመምረጥ የደብዳቤውን ውስጥ ማንበብ አያስፈልገውም፤ ላዩን አይቶ ወደሚቀጥለው ክፍል ይመራዋል። ተቀባዩም ገጾቹን በቁጥራቸው ያሰልፍና የደረሰውን ሁሉ «ደርሶኛል» እያለ ያስታውቃል። 7ኛው ገጽ ላይ የ«ደርሶኛል» ቃል ካልመጣ፥ ላኪው ሳይቈጣና ሳያኰርፍ ያንኑ ገጽ እንደ ገና ይልካል። እነዚህ ፖስታዎች በሙያው ቋንቋ ፓኬት ይባላሉ። በአንድ ሽቦ ላይ የብዙ ሰው ፓኬት ተደባልቆ ስለሚሄድ አንድ ሰው መስመሩን ይዞ ሌላውን አያስጠብቅም።

ይህን አሳብ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ ፖል ባራን፥ በእንግሊዝ ዶናልድ ዴቪስ ለየብቻቸው አመነጩት። ጥቅምት 19 ቀን 1962 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ የሚገኙ ሁለት ኮምፒዩተሮች አርፓኔት በተባለው መረብ ለመጀመሪያ ጊዜ ተገናኙ። ሠራተኞቹ «ሎግ ኢን» የሚለውን ቃል ፊደል በፊደል ሲልኩ በጎን በስልክ «ደረሰህ?» «ደረሰኝ» ይባባሉ ነበር። ሁለት ፊደል እንደ ደረሰ ተቀባዩ ኮምፒዩተር ቆመ። ሥራው የተጀመረው እንግዲህ በጥያቄና በማረጋገጫ ነው። በ1966 ዓ.ም. ቪንት ሰርፍና ቦብ ካን የተለያዩ መረቦች ሁሉ ሊግባቡበት የሚችሉበትን ውል ጽፈው አወጡ፤ ከታኅሣሥ 23 ቀን 1975 ዓ.ም. ጀምሮም አርፓኔት በዚሁ ውል ሠራ። ኢንተርኔት የሚባለው ዛሬም በዚህ ውል ይተዳደራል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያለው አባባላችን እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል፤ ድሩን የሚያሳብረው ደግሞ ውሉ ነው።

ኢትዮጵያ ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘችው በ1989 ዓ.ም. ነው። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ወረዳ ኔት የተባለው መረብ የወረዳ አስተዳደሮችን ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር፥ አብዛኛውን በሳተላይት፥ ማገናኘት ጀመረ። ቀጥሎ ፋይበር ተዘረጋ፤ ተንቀሳቃሽ ስልክም ወደ ገጠሩ ገባ። ይሁን እንጂ ውሉ የሚሠራው መንገዱ ክፍት ሲሆን ነው። በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ግጭቱ በበረታ ጊዜ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ብዙ ወራትም ቈየ። ፓኬት የሞላ ወንዝ ሲገጥመው ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ መንገዱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲዘጋ ግን የሚዞርበት የለውም።

ይህ ሁሉ ለፎገራ ገበሬ ምን ይረባዋል የሚል ቢኖር፥ መልሱ በክረምት ይገኛል። ፎገራ በከብቱ ዝርያ የታወቀ፥ በኋላም በሩዝ እርሻው ስም ያተረፈ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ይነሡና ሜዳውን አቋርጠው ወደ ጣና ይገባሉ። ዝናቡ ጉና ላይ ይዘንባል፤ ውሃው ፎገራ ላይ ይተኛል። ሩዙን የሚያበቅለው ይኸው ውሃ ነው፤ ከልክ ያለፈ ጊዜ ግን ቤት ያፈርሳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፉ በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ አፈናቀለ። ውሃው ከተራራው እስከ ሜዳው ለመውረድ ሰዓታት ይፈጅበታል፤ በመስታወት ክር የሚሄድ ቃል ግን ያንኑ መንገድ ከሰከንድ ሺሕኛ ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት፥ እናት ልጆቿን ይዛ፥ ገበሬ ከብቱን ነድቶ ወደ ከፍታ የሚወጣበት ጊዜ ነው።

ያ ጊዜ የሚባክነው በሽቦው ዝግመት አይደለም። ከላይ ያለው ሰው «አስታውቄአለሁ» ብሎ ሲቀመጥ፥ በመካከል ያለው ወረቀቱን መዝገብ ላይ አስፍሮ ሲተወው፥ ከታች ያለው ደግሞ ሳይሰማ ሲያድር ይባክናል። ይህ እንደ ዐዋጅ ነጋሪው ተናግሮ መሄድ ነው። የኮምፒዩተሩ ውል የሚያዘው ግን «ደርሶኛል» የሚለው ቃል እስኪመለስ ድረስ ደግሞ መላክን ነው።

ስለዚህ የተከበራችሁ አንባቢዎች፥ ነገ ጧት ከቢሮ ስትገቡ በጠረጴዛችሁ ላይ ወይም በኮምፒዩተራችሁ ውስጥ መልስ ሳይሰጠው የቈየ ደብዳቤ ብታገኙ የ1855 ዓ.ም.ን ደብዳቤ አስታውሱ። ጉዳዩ ገና ያላለቀ ቢሆን እንኳ «ደርሶናል፤ እየተመለከትነው ነው» ብሎ መጻፍ ከአንድ መስመር አያልፍም። ላኪው ያን መስመር ሲያይ የሚጠብቅ እንደ ሆነ ይጠብቃል፥ ሌላ መንገድ የሚፈልግ እንደ ሆነም ይፈልጋል።