የኮሶ ዛፍና ስሞቹ

በምሥራቅ ጎጃም ደጋ፣ ከደብረ ወርቅ እስከ ጮቄ ተራራ ባለው አገር፣ «ኮሶ» የሚለው ቃል ዛፉንም፣ ከአበባው የሚዘጋጀውን መድኃኒትም፣ መድኃኒቱ የሚያስወጣውን የአንጀት ትልም በአንድነት የሚጠራ ነው። ትሉ በጥሬ ሥጋ አማካይነት ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ ጥገኛ ተውሳክ በመሆኑ፣ ብርንዶ በሚወደድበት ደጋ ሁሉ ኮሶ መጠጣት በየሁለት ወሩ ገደማ የሚደገም የቤት ሥርዓት ሆኖ ለብዙ ዘመን ኖሯል።

የዚህ መድኃኒት ዕውቀት የሚገኘው በአዘገጃጀቱ ነው። የኮሶ ዛፍ ወንዴውና ሴቴው ለየብቻ የሚበቅል ሲሆን፣ ለመድኃኒትነት የሚመረጠው ቀላ ያለው የሴቴው ዘለላ አበባ ነው፤ ይህም በፀሐይ ደርቆ ይወቀጥና ከውኃ ወይም ከጠላ ጋር ተበጥብጦ ማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣል፤ ጠጪውም ትሉ እስኪወጣ ድረስ እህል ሳይቀምስ ይቆያል። ዱቄቱ ሳይጣራ አብሮ መዋጡ በከንቱ አልነበረም፤ ትሉን የሚያደክሙት ውህዶች በውኃ በቀላሉ የማይሟሙ በመሆናቸው፣ አተላው ቢደፋ ፈዋሽነቱም አብሮ በተደፋ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1770 እስከ ግሽ ዓባይ የዘለቀው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ዛፉን ለአውሮፓ አስተዋውቆ በእንግሊዛዊው የዕፅዋት ሊቅ በጆሴፍ ባንክስ ስም ሰየመው፤ በ1791 ጀርመናዊው ግሜሊን በኬኒግስበርጉ የመድኃኒት ቀማሚ በሃገን ስም ጠራው፤ በ1824 ደግሞ የዕፅዋት ሊቁ ኩንት በቁስጥንጥንያ ይሠራ ለነበረው ፈረንሳዊ ሐኪም ለብራዬር መታሰቢያ አደረገው። ሦስት ጊዜ ስም ሲወጣለት አንዱም ፈዋሽነቱን ላወቁትና ለጠበቁት ሰዎች አልተሰጠም፤ ይህ በዕፅዋት ሳይንስ ታሪክ ውስጥ ሊታረም የሚገባው በደል ነው። ሆኖም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የወጣው የብሪታንያ የመድኃኒት መዝገብ «ኩሶ» የሚለውን የአገሩን ስም ይዞ፣ ዱቄቱ በፈላ ውኃ ተዘፍዝፎ ሳይጣራ እንዲጠጣ በማዘዙ፣ የደጋውን ቤት ብልሃት ሳያውቀው አጽድቆታል።

በዚያው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የኬሚስትሪ ሊቃውንት ከአበባው ኮሶቶክሲን የተባለውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። መጠኑ ያለፈ ኮሶ ግን ዓይንን እስከ ማጥፋት የሚያደርስ መርዝነት ስላለው፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በፋብሪካ የሚሠሩ እንደ ኒክሎሳማይድ ያሉ መድኃኒቶች ሲመጡ ቦታውን ለቀቀ። በስም አሰጣጥ ረገድ ከኮሶ የተለየ ታሪክ ያለው ተክል እንዶድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ወንዝ በታች ቢልሃርዝያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሞተው በማየታቸው በጀመሩት ጥናት የተገኘው ውህድ «ለማቶክሲን» ተብሎ በእርሳቸው ስም ተጠራ፤ በ1989ም ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። የእንዶዱ ተመራማሪ የአገሩ ልጅ ሆነው ስማቸውን ሲያተርፉ፣ የኮሶን መጠንና ጊዜ የለኩት ግን ስማቸው አልታወቀም።

ዛፉ ራሱም ለቤት ዕቃና ለወለል በሚፈለገው ጣውላው ምክንያት ከብዙ ደጋ ተመናምኗል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቆረጡ ከከለከላቸው አራት አገር በቀል ዛፎች፣ ማለትም ከኮሶ፣ ከዋንዛ፣ ከዝግባና ከጥድ አንዱ ይኸው ኮሶ ነበር።