በማን ክንድ ተለካ?

ጀሞ አንድ፣ ጀሞ ሁለት፣ ጀሞ ሦስት በተባሉት ኮንዶሚኒየሞች ሥር ባሉ ሱቆች የሚያልፍ ሰው በአንድ ከሰዓት ውስጥ ሦስት ዓይነት ልክ ይሰማል። መጋረጃ ቤቱ በሜትር ይቆርጣል። የቧንቧ ዕቃ ሻጩ «ግማሽ ኢንች ነው ሦስት ሩብ?» ብሎ ይጠይቃል። ደረጃ ላይ የተገናኙ ጎረቤታሞች ደግሞ ስለ ልጅ ሲያወሩ «በዚህ ክረምት ስንዝር ጨመረ» ይባባላሉ። ሜትሩ የፈረንሳይ፣ ኢንቹ የእንግሊዝ፣ ስንዝሩ የኛው ነው። ሦስቱም አብረው ይኖራሉ፤ ማንም ግር አይለውም።

ግር የሚለው ወደ ኋላ ተመልሰን የአባቶቻችንን ልክ ወደዛሬው ለመለወጥ ስንሞክር ነው። የአንድ ርስት ስፋት በጋሻ፣ የአንድ ጨርቅ ርዝመት በክንድ ተጽፎ እናገኛለን። ወዲያው «ስንት ሜትር ነው?» እንላለን። ከዚያ በፊት መጠየቅ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፤ የተለካው በማን ክንድ ነው?

ሁለት ስንዝር አንድ ክንድ

የቀድሞው የርዝመት ልክ ከሰው አካል የተወሰደ ነው። አራት ጣት ሲገጠም ጋት ይሆናል። መዳፍ ተለጥጦ ከአውራ ጣት ጫፍ እስከ ትንሿ ጣት ጫፍ ያለው ስንዝር ነው። ከክርን እስከ መሃል ጣት ጫፍ ያለው ደግሞ ክንድ። ሸማኔም፣ አናጢም፣ ግንበኛም መለኪያውን ይዞት ይዞራል፤ አይጠፋበትም፣ አይረሳውም።

ዛሬ በየመጽሐፉ የምናገኘው የመለወጫ ሠንጠረዥ አብዛኛውን ጊዜ ስንዝርን 23 ሴንቲ ሜትር፣ ክንድን 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይለዋል። በልማድ ግን ሁለት ስንዝር አንድ ክንድ ነው። ሁለት ጊዜ 23 ደግሞ 46 እንጂ 50 አይሆንም። በመሃል አራት ሴንቲ ሜትር የት ገባ? የትም አልገባም። አንዱ ቁጥር የአንድ ሰው እጅ ነው፣ ሌላው የሌላ ሰው፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው።

አራት ሴንቲ ሜትር ትንሽ ይመስላል። ገበያ ላይ ግን ትንሽ አይደለም። ጨርቅ በክንድ ሲሸጥ ለኪው ክርኑን ከጨርቁ ጠርዝ ላይ ያሳርፋል፤ ጨርቁን በክንዱ ርዝመት ወጥሮ መሃል ጣቱ የደረሰበትን በሌላው እጁ ቆንጥጦ ይይዛል፤ ከዚያ ክርኑን ወደዚያ ቦታ አዛውሮ እንደገና ይጀምራል። ይህ 30 ጊዜ ሲደጋገም በ46 እና በ50 መካከል ያለው ልዩነት 1 ሜትር ከ20 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ነጠላ ለብሶ የሚያውቅ ሰው 1 ሜትር ከ20 ምን ያህል እንደሆነ ይገባዋል። ስለዚህ ረጅም ክንድ ለገዢ፣ አጭር ክንድ ለሻጭ ይበጃል፤ ማን ይለካ የሚለውም ጉዳይ የዋጋ ክርክሩ አካል ይሆናል።

መጽሐፍ ቅዱስን የሚያነቡ ሁሉ ከዚህ ልክ ጋር ይተዋወቃሉ። የኖኅ መርከብ ርዝመት 300 ክንድ ነው፤ በ50 ሴንቲ ሜትር ሲሰላ 150 ሜትር፣ በ46 ሲሰላ 138 ሜትር ይሆናል። የጎልያድ ቁመት ስድስት ክንድ ከስንዝር ተብሎ ተጽፏል። በረጅሙ ክንድ 3 ሜትር ከ23 ሊሆን ነው፤ በአጭሩ ግን 3 ሜትር ለመሙላት አንዲት ሴንቲ ሜትር ይጎድለዋል። ነቢዩ ሕዝቅኤል ስለ ቤተ መቅደሱ ሲናገር ደግሞ የመለኪያው ክንድ ተራ ክንድ ሳይሆን ክንድ ከጋት መሆኑን ለይቶ ያመለክታል። በዚያ ዘመን እንኳ ጠንቃቃ ጸሐፊ በየትኛው ክንድ እንደለካ ሳይናገር አያልፍም ነበር።

ጃፓኖች እንዴት ፈቱት?

ይህ ችግር የኛ ብቻ አልነበረም። ጃፓኖች ሻኩ የሚባል ልክ ነበራቸው፤ የአናጢው ሻኩ አንድ፣ የጨርቅ ነጋዴው ሻኩ ሌላ ነበር። የሜይጂ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1885 የዓለም አቀፉን የሜትር ስምምነት ተቀላቀለ። እ.ኤ.አ. በ1891 ደግሞ በሕግ አንድ ሻኩ የአንድ ሜትር 10/33ኛ ነው ብሎ ደነገገ፤ ይህም 30.3 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው። የጨርቁ ሻኩ ለብቻው 25/66ኛ ሜትር፣ ማለትም 37.9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆነ። ስድስት ሻኩ አንድ ኬን ነው፤ 1 ሜትር ከ82 ሴንቲ ሜትር ያህል። በአራቱም ማዕዘን አንድ ኬን የሆነ ቦታ ጹቦ ይባላል፤ ስፋቱ 3.3 ካሬ ሜትር ነው። ጃፓን ከእ.ኤ.አ. 1959 ጀምሮ በንግድና በሥራ ወደ ሜትር ብታልፍም፣ ቤትና ቦታ የሚፈልግ ጃፓናዊ እስከ ዛሬ ስለ ጹቦ ያወራል።

የጃፓን መንግሥት የድሮውን ልክ ከማስቀረቱ በፊት ከአዲሱ ጋር በቁጥር አሰረው። የቀድሞው ስም በሕዝቡ አፍ ላይ ቀጠለ፤ ከሕጉ ወዲህ የተጻፈ የቦታ ውል ዛሬ ቢነበብ ልኩን ያለ ጥርጥር ማወቅ ይቻላል።

የኛ ሰዎች ጃፓንን በትኩረት ይከታተሉ ነበር። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ የሜይጂው ሕገ መንግሥት በአርአያነት አገልግሏል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጎብኝተው ተመልሰው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ጽፈዋል። በእነዚያ ዓመታት የጃፓን ጥጥ ጨርቅ የኢትዮጵያን ገበያ አጥለቅልቆት ነበር። ያኔ ክንድን ከሜትር ጋር በቁርጥ የሚያስር ሕግ አብሮ ቢወጣ ኖሮ ዛሬ የታሪክ አጥኚው ድካም በግማሽ በቀለለ።

ሜትር በብረት ተነጥፎ

ሜትር አገራችን ውስጥ በብረት ተነጥፎ የታየው ሕግ ከመሆኑ አስቀድሞ ነው። ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የምድር ባቡር በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት ልክ አንድ ሜትር ነበር። 780 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው መንገድ ከዳር እስከ ዳር በዚህ ስፋት ተሠራ። ባቡሩን የሠሩት ፈረንሳዮች ናቸው፤ ሜትርም የተወለደው በፈረንሳይ አብዮት ዘመን ነው። የፈረንሳይ ገበሬ ከአብዮቱ በፊት ካሰማቸው አቤቱታዎች አንዱ እያንዳንዱ ጌታ በራሱ መለኪያ ግብር ይሰበስባል የሚል ነበር። ሜትር የመጣው ልክን ከጌቶች እጅ ለማውጣት ነው።

የጀሞ ነዋሪ ይህንን ጉዳይ ሰፈሩ አጠገብ ማየት ይችላል። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኢትዮ ጅቡቲ ባቡር የሚነሳው ከጀሞ ብዙ ሳይርቅ ከፉሪ ለቡ ጣቢያ ነው። የዚህኛው ሐዲድ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። ለምን 1,400 ወይም 1,500 አልሆነም? ልኩ የተወረሰው ከእንግሊዝ የጥንት ባቡሮች ስለሆነ ነው፤ አራት ጫማ ከስምንት ኢንች ተኩል። ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ተባዝቶ 1,435 ይመጣል። የእንግሊዞች የድሮ ልክ ስሙን ለውጦ ለቡ ላይ ተኝቷል፤ ልዩነቱ የነሱ ጫማ ስንት እንደሆነ ተቆርጦ መታወቁ ነው።

ገመዱን የያዘው ማን ነው?

የልክ ጉዳይ የሕይወት ጉዳይ የሆነው መሬት ላይ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በደቡብ አገሮች መሬት በቀላድ ይለካ ጀመር። ቀላድ የመለኪያ ገመድ ነው። በታሪክ ጽሑፎች በብዛት የሚጠቀሰው ርዝመቱ 133 ክንድ ሲሆን ወደ ሜትር ሲለወጥ 66.5 ተብሎ ይጻፋል። በቀላድ የተለካው መሬት በጋሻ ይቆጠራል። ሲሶው ለአገሬው ባላባት ይተዋል፤ የቀረው ለመንግሥት፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለሹማምንትና ለወታደሮች ይከፋፈላል። በመሬቱ ላይ ይኖር የነበረው ገበሬ በብዙ ቦታ ገባር ሆነ።

አንድ ጋሻ ስንት ነው ሲባል መልሱ 40 ሄክታር ነው፤ እውነቱ ግን ከዚህ ይሰፋል። መሬት ለም፣ ለም ጠፍ እና ጠፍ ተብሎ በሦስት ይመደብ ነበር፤ የጠፍ መሬት ጋሻ ከለሙ ሰፋ ተደርጎ ይለካል። ስለዚህ ጋሻ የስፋት ስም ብቻ አይደለም፤ ምርትንም ግብርንም ያዘለ ነው። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅም ለአንድ ጋሻ ለም 15 ብር፣ ለለም ጠፍ 10 ብር፣ ለጠፍ 5 ብር ብሎ የደነገገው ይህንኑ ተከትሎ ነው።

አሁን ወደዚያች አራት ሴንቲ ሜትር እንመለስ። ለምሳሌ ያህል ዘጠኝ ቀላድ በአሥር ቀላድ የሆነ መሬት እንውሰድ። ክንዱ 50 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ቀላዱ 66.5 ሜትር ነው፤ መሬቱ 39.8 ሄክታር ይሆናል፤ ከተለመደው 40 ጋር ይገጥማል። ክንዱ 46 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ግን ቀላዱ 61 ሜትር ገደማ ነው፤ መሬቱም ወደ 33.7 ሄክታር ይወርዳል። ልዩነቱ ስድስት ሄክታር ነው። አንድ ጥማድ፣ ማለትም ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው፣ ሩብ ሄክታር ገደማ ስለሆነ፣ 24 ጥማድ መሬት በሁለት ሰዎች ክንድ ልዩነት ይገባል ወይም ይወጣል።

በዚያ ላይ ገመድ ሲወጠር ይረዝማል፣ ሲላላ ያጥራል። ለራሱ ወገን ሲሰጥ ረጅሙን፣ ገባሩን ሲያስከፍል አጭሩን ገመድ መያዝ የሚችል ሹም ምን ያህል ሥልጣን እንደነበረው ከዚህ ይታያል። አጭር ገመድ የጋሻውን ቁጥር ያበዛል፤ የጋሻው ቁጥር ሲበዛ ግብሩ ይበዛል። ገበሬው ገመዱን የሚያመሳክርበት ሌላ ልክ አልነበረውም።

የሜትር ሥርዓት በሕግ የጸናው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው ሰልፍ ሲወጡ ግን የመሬቱ ወግ ገና ጋሻ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ አንድ ቤተሰብ ሊይዝ የሚችለውን ጣሪያ 10 ሄክታር አደረገው፤ የጋሻ ሩብ መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ የወጣው የከተማ ቦታ አዋጅ ለመኖሪያ ቤት እስከ 500 ካሬ ሜትር ፈቀደ። ጋሻ ከሕግ ቋንቋ የወጣው ከሥርዓቱ ጋር ነው። ዛሬ ጀሞ ላይ ቤት የሚገዛና የሚሸጥ ሰው በካሬ ይነጋገራል፤ ኮንዶሚኒየሙ ከመሠራቱ በፊት አካባቢው የእርሻ መሬት እንደነበር የሚያስታውሱ ጎልማሶች ግን ገና አሉ።

ቁጥሩን ብቻ አንጻፍ

የዚህ ሁሉ ትርጉም ለታሪክ ጸሐፊ ብቻ የሚተው አይደለም። በየቤቱ ሣጥን ውስጥ የአያት ውርስ ወረቀት አለ። በየደብሩ የመሬት ስጦታ የተመዘገበበት መዝገብ አለ። የባላምባራስ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «ዝክረ ነገር» የቀድሞውን የመሬትና የግብር ሥርዓት መዝግቦ ባያቆይልን ብዙ ነገር በጨለማ በቀረ ነበር። እንዲህ ያለው ሥራ በየአካባቢው ሊቀጥል ይገባል።

እነዚህን ሰነዶች ወደ ዛሬ ልክ የሚለውጥ ሁሉ ሦስት ነገር እንዲያደርግ እለምናለሁ። አንደኛ፣ የመጀመሪያውን ልክ እንደተጻፈ ያቆየው፤ ክንዱን ክንድ፣ ጋሻውን ጋሻ ይበለው፤ ሜትሩን አጠገቡ ያስቀምጥ። ሁለተኛ፣ የትኛው አገር፣ በየትኛው ዘመን፣ ለም ይሁን ጠፍ ለይቶ ይጻፍ። ሦስተኛ፣ አንድ ቁጥር ብቻ ከመስጠት ከዚህ እስከዚህ ይበል፤ «33 እስከ 40 ሄክታር» የሚል ሐቀኛ ግምት «40 ሄክታር» ከሚል የውሸት እርግጠኝነት ይሻላል።

አያቶች በሕይወት ባሉበት ቤት ደግሞ ሥራው ይበልጥ ይቀላል። ሜትሩን አውጥተው የሸማኔውን አያት ክንድ፣ የአያትን ስንዝር ይለኩ፤ ከአገራቸውና ከሙያቸው ስም ጋር ይጻፉት። የጃፓን መንግሥት በአንድ ሕግ ያሰረውን እኛ በብዙ እጅ ልንሰበስበው እንችላለን። ትክክለኛ ልክ ለደካማው ከለላ ነው፤ ያለፈውንም ዘመን በትክክል መለካት ያኔ የተበደለውንና የተጠቀመውን ለይቶ ለማወቅ የመጀመሪያው እርምጃ ነው።