ደቦ፣ ወንፈልና የፊደላችን ወደ ኮምፒዩተር መግባት

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ የሚኖረው ገበሬ ሥራን በኅብረት የሚያከናውንባቸው ሁለት ልማዶች አሉት። አንደኛው ወንፈል ነው፤ ለጎረቤቱ አንድ ቀን ጤፍ ያረመ ሰው ያው አንድ ቀን በጉልበት ይመለስለታል። ሁለተኛው ደቦ ነው፤ ባለ እርሻው ጠላና እንጀራ አሰናድቶ ይጠራል፤ የተጠራውም ሠርቶ፣ ዘፍኖና በልቶ ይሄዳል፤ ሒሳቡም እንደ ወንፈል አይጠብቅም። በማግሥቱ ግን ማሳውን የሚጠብቀው ባለቤቱ ብቻ ነው።

ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 ባስታወቀው ዕቅድ የተጀመረውና ከ1998 ወዲህ በብዙዎች ዘንድ «ክፍት ምንጭ» የተባለው እንቅስቃሴ በደቦ ቢመሰል አያስደንቅም። የፕሮግራሙ ጽሑፍ ለሁሉ የተገለጠ ስለ ሆነ ማንም ሊያነበው፣ ሊያባዛውና ሊያርመው ይችላል። ማሳን ማረምና ጽሑፍን ማረም በቋንቋችን አንድ ቃል መሆናቸው ለዚሁ የተሰናዳ ይመስላል። ይሁን እንጂ ምሳሌው የሚሠራው እስከ ግማሽ መንገድ ነው። ሞኩስ፣ ፊልዲንግና ሄርብስሌብ አፓቼ ስለተባለው ፕሮግራም ያደረጉትና በ2002 በሰፊው የታተመው ጥናት እንዳሳየው፣ አስተዋፅኦ ካደረጉት 400 ያህል ሰዎች መካከል ከአዲሱ ሥራ ከ80 በመቶ በላይ የሠሩት 15 ብቻ ነበሩ። ስሕተትን አይቶ ያመለከተው ሰው ግን ከ3,000 ይበልጣል። ማሳ ጠባቂው ጥቂት፣ አረሙን የሚያሳየው ብዙ ነው ማለት ነው።

የፊደላችንም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የወጡት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው ለፊደላቱ የየራሳቸውን ቁጥር ይሰጡ ስለ ነበር፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። በዚያ ዘመን ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ግእዝን በላቲን ፊደል የሚወክል «ሴራ» የተባለ ሥርዓት አወጡ፤ ስሙ ለአማርኛ ጆሮ ምን እንደሚል አንባቢ አያጣውም። ጃፓናዊው ናኦቶ ታካሃሺም ይህንኑ ሥርዓት ይዞ፣ ኢማክስ የተባለው ነጻ የጽሑፍ ማዘጋጃ ግእዝን እንዲጽፍ አስቻለ፤ ሥራው በ1997 በወጣው በ20ኛው እትም ውስጥ ይገኛል። በአሜሪካ የተዘጋጀውን በጃፓን ያለ ሰው ማንንም ሳያስፈቅድ ያሳደገው በሩ ክፍት ስለ ነበረ ነው። በ1999 ዩኒኮድ በ3.0 እትሙ 345 የግእዝ ምልክቶችን ተቀበለ፤ በ2005፣ በ2010ና በ2021 ለሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ፊደላት ተጨመሩ። ዛሬ በቡሬ ገበያ በስልኩ አማርኛ የሚጽፍ ወጣት ፊደሉን የሚያይበት «ኖቶ» የተባለው ቅርጽ በነጻ ፈቃድ የተሰጠ መሆኑን ምናልባት ሰምቶ አያውቅም።

የቀረው ሥራ ከቁጥር መስጠት የከበደ ነው። «ሠረቀ» ፀሐይ ወጣች ለማለት፣ «ሰረቀ» ደግሞ ለሌባ እንደሚነገር የግእዝ ሊቃውንት ይለያሉ፤ የአማርኛ ጸሐፊ ግን ሀ፣ ሐ፣ ኀን እንደ ልማዱ ያቀያይራል። ስለዚህ የቃላትን አጻጻፍ የሚያርም ፕሮግራም የትኛውን ስሕተት ይበል? በዚህ ነገር ከፕሮግራም ጸሐፊው ይልቅ በምዕራብ ጎጃም በዋሸራ ቅኔ ቤት የተማረ መምህር ይበልጥ ያውቃል። ስሕተትን ከሚያመለክቱት ብዙዎች አንዱ ሊሆን ይገባው ነበር፤ ነገር ግን ማመልከቻው በእንግሊዝኛ ነው።