ፌንግ ሹይ በቤታችን፦ ብዙ ገንዘብ ሳያወጡ ቤትን ማስተካከል

ፌንግ ሹይ ከቻይና የመጣ የቤትና የቦታ አደረጃጀት ጥበብ ነው። በቻይንኛ «ፌንግ» ነፋስ፣ «ሹይ» ደግሞ ውሃ ማለት ነው። ዛሬ ስሙ ከዕድል፣ ከሀብትና ከትዳር ጋር ተያይዞ ይነሳል፤ በስሙም ደወል፣ መስተዋትና ባለ ሦስት እግር እንቁራሪት ይሸጣል። መሠረቱ ግን ከዚህ ቀላል ነው። ቤቱ ነፋስና ብርሃን እንዴት ያገኛል? ሰውስ በውስጡ እንዴት ይንቀሳቀሳል? ጥያቄው ይህ ነው። ከዚህ በታች ዋና ዋና ሐሳቦቹን፣ በየክፍሉ የሚሠራውን እና ለአማካሪ ገንዘብ ከመክፈል በፊት መታወቅ ያለበትን እናቀርባለን።

አመጣጡ

በጥንት ዘመን ቻይናውያን ፌንግ ሹይን የሚጠቀሙበት የመቃብርና የመኖሪያ ቦታ ለመምረጥ ነበር። ከታወቁት ጥንታዊ ጽሑፎች አንዱ «የመቃብር መጽሐፍ» የሚባለው ሲሆን፣ ከ276 እስከ 324 እ.ኤ.አ. የኖረው ጓ ፑ የተባለ ሊቅ እንደጻፈው ይነገራል። በዚህ ትምህርት መሠረት «ቺ» የሚባለው የሕይወት ኃይል በነፋስ ይበተናል፣ ውሃ ዘንድ ሲደርስ ግን ይቆማል። ስለዚህ መልካም ቦታ የሚባለው ከኋላው ተራራ፣ በግራና በቀኙ ኮረብታ፣ ከፊቱ ደግሞ ገላጣ ሜዳና ውሃ ያለው ነው።

ለዚህ ግልጽ ምክንያት አለው። በሰሜን ቻይና በብርድ ወራት ኃይለኛው ነፋስ የሚመጣው ከሰሜን ነው፤ ፀሐይ ደግሞ በደቡብ በኩል ታበራለች። በቤጂንግ የጥንት ግቢዎች ዋናው ቤት በግቢው ሰሜን በኩል ተሠርቶ ፊቱን ወደ ደቡብ የሚያዞረው ለዚህ ነው። ቦታን አይቶ መሥራት ለእኛም አባቶች እንግዳ አልነበረም። በጎንደር አካባቢ የቤተ እስራኤል መንደሮች አብዛኛውን ጊዜ ወንዝ አጠገብ ይሠሩ የነበረው ለመንጻት ሕግ ውሃ ስለሚያስፈልግ ነው። ምክንያቱ ከቻይናው የተለየ ቢሆንም፣ ቤት ከመሥራት በፊት ውሃውንና መሬቱን ማየት ግን የጋራ ነው።

ከ1949 በኋላ የቻይና መንግሥት ፌንግ ሹይን እንደ ኋላ ቀር እምነት ቆጥሮታል፤ ከ1966 እስከ 1976 በነበረው የባህል አብዮት ጊዜም ክፉኛ ተወግዟል። በሆንግ ኮንግና በታይዋን ግን አልተቋረጠም። በሆንግ ኮንግ በ2005 የተከፈተው የዲዝኒላንድ መዝናኛ ዋና በር እንኳን በፌንግ ሹይ ምክር አቅጣጫው 12 ዲግሪ እንዲዞር ተደርጓል።

መታወቅ ያለባቸው ቃላት

ቺ፦ በቤት ውስጥ ይዘዋወራል የሚባለው ኃይል ነው። መንገዱ ሲዘጋ ቤቱ «ይታፈናል»፣ በጣም ሲፈጥን ደግሞ ሰው ዕረፍት ያጣል ይላሉ።

ዪን እና ያንግ፦ ዪን ጨለማ፣ ቅዝቃዜና ጸጥታ ሲሆን፣ ያንግ ብርሃን፣ ሙቀትና እንቅስቃሴ ነው። መኝታ ቤት ወደ ዪን፣ ሳሎን ወደ ያንግ ያደላል።

አምስቱ ባሕርያት፦ እንጨት፣ እሳት፣ አፈር፣ ብረትና ውሃ ናቸው። ውሃ እንጨትን ያበቅላል፣ እንጨት እሳትን ይመግባል፤ ውሃ ግን እሳትን ያጠፋል።

ባጓ፦ ቤቱን ለሀብት፣ ለትዳር፣ ለልጆች፣ ለሥራና ለመሳሰሉት የሚከፋፍል ባለ ስምንት ጎን ሥዕል ነው።

በየክፍሉ ምን ይደረግ?

1. መግቢያ በር፦ በፌንግ ሹይ በር የቤቱ አፍ ነው። በሩ እስከ መጨረሻው መከፈት አለበት። ከበስተኋላው የተከመረ ጫማ፣ የሕፃን ጋሪና ካርቶን ያንሱ። የተቃጠለ አምፖል ይቀይሩ፣ የሚንቋቋ ማጠፊያ ዘይት ይቀቡ።

2. ሳሎን፦ ትልቁን ሶፋ ጀርባውን ወደ ግድግዳ አስጠግተው፣ የተቀመጠ ሰው በሩን እንዲያይ አድርገው ያስቀምጡ። ወንበሮቹ ሁሉ ወደ ቴሌቪዥን ብቻ ከዞሩ ቤተሰቡ እርስ በርሱ አይተያይም። ሁለት ወንበር ፊት ለፊት ቢደረግ ለጨዋታም ለቡናም ይመቻል።

3. መኝታ ቤት፦ አልጋው ራስጌው ወደ ግድግዳ ሆኖ፣ ከተኙበት በሩ የሚታይ ይሁን እንጂ በቀጥታ ከበሩ ፊት ለፊት አይሁን። እግር ወደ በር ዘርግቶ መተኛት የሬሳ አወጣጥን ስለሚያስታውስ ቻይናውያን አይወዱትም። መስተዋትም ከአልጋው ትይዩ አይደረግም። አልጋ ሥር ዕቃ አይከማች፤ አቧራ ይይዛል፣ ለማጽዳትም ያስቸግራል።

4. ማማድ፦ በእስራኤል ከ1991 የባሕረ ሰላጤ ጦርነት በኋላ፣ ከ1992 ጀምሮ በሚሠሩ አዳዲስ ቤቶች የመጠለያ ክፍል ግዴታ ሆኗል። ብዙ ቤተሰብ የልጆች መኝታ ወይም የዕቃ ማስቀመጫ ያደርገዋል። ፌንግ ሹይ «ከራስ በላይ ከባድ ነገር አታንጠልጥሉ፣ መንገድ አትዝጉ» ይላል፤ እዚህ ክፍል ውስጥ ይህ ምክር ሕይወት ያድናል። ከአልጋ በላይ መደርደሪያ አይስቀሉ። የብረት በሩና የብረት መስኮቱ ያለ እንቅፋት የሚዘጉ መሆናቸውን ይፈትሹ። ቤተሰቡ በሙሉ የሚቀመጥበት ቦታም ይተዉ።

5. ወጥ ቤት፦ ምድጃ እሳት፣ የዕቃ ማጠቢያው ውሃ ስለሆነ ጎን ለጎን አይሁኑ ይባላል። ማንቀሳቀስ ካልተቻለ በመካከላቸው ትንሽ የሥራ ቦታ ቢኖር ትኩስ ድስት ለማሳረፍ ይጠቅማል። የእንጀራ ምጣድ ብዙ እንፋሎት ስላለው መስኮት አጠገብ ይሁን፣ ሲጋገርም መስኮቱ ይከፈት። የቡና ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ማቀጣጠል ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል።

6. መታጠቢያና ሽንት ቤት፦ በሩና የመቀመጫው ክዳን ተዘግተው ይቆዩ። በፌንግ ሹይ የሚንጠባጠብ ቧንቧ ሀብት እንደሚፈስ ምልክት ነው፤ ምልክቱን ባናምን እንኳን የውሃው ሂሳብ ይመጣል።

ስለ አቅጣጫ

የቻይናን አቅጣጫ እንዳለ መቅዳት ስህተት ነው። በእስራኤል በብርድ ወራት ዝናቡና ነፋሱ በአብዛኛው ከምዕራብ፣ ከባሕሩ በኩል ይመጣል፤ በበጋም ከሰዓት በኋላ የምዕራብ ፀሐይ ቤቱን ታግላለች፣ የሚያቀዘቅዘው ነፋስም ከዚያው በኩል ነው። ስለዚህ በበጋ ቀን ምዕራቡን ትሪስ ይዝጉ፣ ማታ በተቃራኒ ያሉ መስኮቶችን በአንድ ጊዜ ከፍተው አየሩ እንዲያልፍ ያድርጉ። በብርድ ወራት ደግሞ በደቡብ በኩል ያለውን መስኮት ለፀሐይ ይክፈቱ። ቁም ሣጥን ከውጭ ግድግዳ ጥቂት ራቅ ቢል ከበስተኋላው ሻጋታ እንዳይይዝ ይረዳል።

ገንዘብ ከመክፈል በፊት

ፌንግ ሹይ ዕድልን ወይም ሀብትን እንደሚያመጣ በሳይንስ አልተረጋገጠም። ባለሙያዎቹም ራሳቸው አይስማሙም። አንዱ ወገን በኮምፓስ ለክቶ የሀብት ማዕዘን ደቡብ ምሥራቅ ነው ይላል። በአሜሪካ ሊን ዩን ያስፋፋውን መንገድ የሚከተለው ደግሞ ኮምፓስ ሳይዝ፣ ከበሩ ቆሞ በስተግራ ያለው የመጨረሻው ማዕዘን ነው ይላል። በአንድ ቤት ሁለት አማካሪ ቢገባ ሁለት የተለያየ ማዕዘን ሊያሳይ ይችላል። እንግዲህ «ይህን ዕቃ ካልገዛችሁ ዕዳችሁ አይለቅም» ወይም «ልጃችሁ የታመመው አልጋው ስለተጣመመ ነው» የሚል ሰው ቢመጣ ገንዘባችሁን አትስጡት። ለታመመ ሐኪም፣ ለዕዳ ደግሞ ሂሳብ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

ከፌንግ ሹይ የሚጠቅመው ክፍል በነጻ ይገኛል። ለመጀመር አንድ ቀን ይምረጡና ከመግቢያው በር ይነሱ፤ የማያስፈልገውን ያውጡ፣ የተሰበረውን ያስጠግኑ፣ መስኮቱን ይክፈቱ። ከዚያ አልጋና ሶፋውን ቦታ ለውጠው አንድ ሳምንት ይሞክሩት። ካልተመቸዎት መልሰው ማዞር ይችላሉ፤ ያወጡት ወጪ የለም።